ጋሽ ማናዬ ራውተሩን ሲሸመግሉ

ቢቸና ላይ የተጣላ ሰው ሁሉ የሚገባበት አንድ ሳሎን አለ። ድንበር የተጋፋ፣ ከአማቱ የተኳረፈ፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች፣ ሁሉም የጫማውን ጭቃ ደጃፉ ላይ አራግፎ ወደዚያ ሳሎን ይገባል። ገብቶ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ይሰማል። መናገር የሚችለው ጋሽ ማናዬ ተናግረው ሲጨርሱ ነው። ጋሽ ማናዬ ተናግረው የጨረሱበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ግን በከተማው የለም።

ጋሽ ማናዬ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ ፈጅተው ጡረታ ወጡ። ጡረታ በወጡ በሳምንቱ በአንድ የባሕር ዛፍ ግንድ የተጣሉ ሁለት ጎረቤታሞችን መንገድ ላይ አግኝተው አስታረቁ። እንዴት እንዳስታረቁ ሲጠየቁ ብዙ ያወራሉ። እውነቱን ግን ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ሰዎቹ የጋሽ ማናዬ ምክር እስኪያልቅ ቆመው ሲጠብቁ እግራቸው ዛለ፣ ግንዱን ለሁለት ቆርጠው ወደየቤታቸው ሸሹ። ይኼው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የጋሽ ማናዬ ድምፅ እንደ ክራር ተቃኘ፤ አካሄዳቸው እንደ ታቦት ተሸካሚ ቀስ አለ፤ ሰላምታቸው ረዘመ። በስተርጅና ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። ጋሽ ማናዬን የያዛቸው ግን የገዛ ድምፃቸው ፍቅር ነበር።

የሽምግልና ሥርዓታቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ የተጣሉትን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ይሰማሉ፤ መስማት ማለት ሰውየው አፉን ሲከፍት «ቆይ ልጄ፣ ተረጋጋ» ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱን አገናኝተው ታናሹን «ጎንበስ በል» ይሉታል። ታናሹ ማን እንደሆነ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ጠበኞቹ ባልና ሚስት ከሆኑ መወሰንም አያስፈልግም፣ ጎንበስ የምትለው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ቀጠሮ ይይዛሉ። ቀጠሮ ለጋሽ ማናዬ እንደ ፔኒሲሊን ነው፤ የማያድነው በሽታ የለም፣ በሽተኛው እስኪሞት ድረስ።

ባለቤታቸው ደስታነሽ አዋላጅ ነርስ ናት። በአሥራ አምስት ዓመት ታንሳቸዋለች። በሰው ፊት «እርስዎ»፣ ጓዳ ሲገቡ «አንተ» ትላቸዋለች። ከሃያ ዓመት ወዲህ ቢቸና ላይ ከተወለደው ልጅ እኩሌታው የዓለምን ብርሃን ያየው በእጇ ላይ ሆኖ ነው። እሷ ግን ይህን ስታወራ የሰማት ሰው የለም፤ በዚያ ቤት የማውራት ተራ የሚደርሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ሴት ወልዳ ሌላዋ እስክትመጣ ባለው ሰዓት፣ የርቀት ትምህርት ስትማር ኖራለች። የቀራት የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነበር። ይህን ካለፈች የእናቶችና ሕፃናት ክፍሉን ኃላፊነት ትይዛለች። ካለፋት ቦታው በወሩ መጨረሻ ለሌላ ይሰጣል፤ ፈተናው ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው በዓመቱ ነው።

ሰኞ ዕለት ከዩኒቨርሲቲው መልእክት መጣላት። ፈተናው በኢንተርኔት ነው። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት። በሩ የተዘጋ ክፍል፤ የላፕቶፑ ካሜራ እንደተከፈተ። የሌላ ሰው ፊት ከታየ ወይም የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል።

የሌላ ሰው ድምፅ የማይሰማበት ክፍል በጋሽ ማናዬ ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ጓዳው። ኢንተርኔት የሚያስገባው ሞደም ደግሞ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከጋሽ ማናዬ ወንበር ጀርባ ነው። በመካከል ክንድ ሙሉ የሚወፍር የጭቃ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ የእርቅ ወረቀት የታጨቀበት የብረት ቁም ሣጥን አለ። ዋይፋዩ እዚያ ሲደርስ ይሞታል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉት የጋሽ ማናዬ የሽምግልና ባልደረባ አቶ አካለ ወልድ ይህን አይተው አንድ ቀን እንዲህ ብለው ነበር፤

ባሕር ተሻገረ፣ ሰማይ ሰነጠቀ፣
ጓዳ ሊገባ ሲል ጭቃ ላይ ወደቀ።

ደስታነሽ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ወደ ባሏ ሄደች።

«ማናዬ፣ ቅዳሜ ሳሎኑን ልቀቅልኝ። ከሦስት እስከ አምስት።»

«ምኑን?»

«ሳሎኑን። ፈተና አለብኝ።»

«ቅዳሜ?» ጋሽ ማናዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅዳሜኮ ባላገሩ የሚገባበት ቀን ነው። ያንን ሁሉ ባለጉዳይ የት ላስቀምጠው?»

«ግቢ ውስጥ። አግዳሚውን እናወጣለታለን።»

«እኔስ?»

«አንተም አግዳሚው ላይ።»

ጋሽ ማናዬ አግዳሚውን በዓይነ ሕሊናቸው አዩት።  ባላገር እያየ፣ ከዶሮ ጋር፣ አግዳሚ ላይ! በመጨረሻ ፊታቸው በራ። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ሲያወሩ የሰሙት አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ዋይፋይን ወደ ሌላ ክፍል የሚያሻግር ዕቃ አለ፤ ራውተር ይባላል።

«ነገ ሞጣ እሄዳለሁ» አሉ። «ለፈተናሽ ስል።»

ራውተር ቢቸናም አይጠፋም ነበር። ግን ቢቸና ላይ የሱቁ ባለቤት ሁሉ ባለጉዳያቸው ነው፤ ባለጉዳይ ፊት ቆሞ «ይሄ ደግሞ በምን ይሰካል?» ብሎ መጠየቅ አይሆንም። ስለዚህ ማክሰኞ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ፤ በደብረ ወርቅ፣ በጉንደ ወይን አድርገው፣ አቧራ ጠጥተው ሞጣ ገቡ። ለሁለት ሰዓት ከወንበራቸው ላለመነሣት አንድ ሙሉ ቀን ወንበራቸውን ጥለው ሄዱ። ሰው ለሚወደው ነገር የማይሆነው የለም።

ሞጣ ላይ የሐጂ አብዱልዋሂድ ሱቅ ለሁለት የተከፈለ ነው። በቀኝ ሐጂ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በግራ ልጃቸው ሪሃብ ስልክ፣ ላፕቶፕና የኔትወርክ ዕቃ ትሸጣለች። ሪሃብ ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ አባቷ ግማሹን መደርደሪያ ለቀቁላት። ዛሬ ጨርቅ ሊገዛ የሚመጣውም በግራ በኩል ቆሞ ነው ስልኩን ሲያስነካካ የሚውለው።

ሪሃብ አራት አንቴና የቆመበት ጥቁር ራውተር አወጣች። ጋሽ ማናዬ አንቴናዎቹን ቆጠሩና ወደዱት።

«አባባ፣ ከመሰካትዎ በፊት አንድ ነገር አለ» አለች። «ይሄና ሞደምዎ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አይግባቡም። የዚህኛውን አድራሻ መቀየር ነው። እንዴት እንደሚቀየር ላሳይዎት?»

«ገብቶኛል፣ ልጄ» አሉና ወደ ቀኝ ዞሩ። «እና ሐጂ፣ ያልኩዎት ሁለት ወንድማማቾች ዓሥር ዓመት አልተነጋገሩም። እኔ ምን አልኳቸው...»

ሐጂ አብዱልዋሂድ አንድ ጣቃ ጨርቅ እያጠፉ «ማሻአላህ» አሉ። አጥፈው ሲጨርሱ ደግመው «ማሻአላህ» አሉ። ወንድማማቾቹ ግን ገና አልታረቁም ነበር።

ሪሃብ ተስፋ ቆርጣ የሚያስፈልገውን ሁሉ በካርቶኑ ክዳን ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችላቸው። ጋሽ ማናዬ ግን ሚኒባሱ ውስጥ እንደተቀመጡ ራውተሩን ከካርቶኑ አውጥተው ጭናቸው ላይ አቆሙት። እንዲህ ያለ ዕቃ በካርቶን ተሸፍኖ ጉንደ ወይንን ማለፍ የለበትም። በእርግጥም ጉንደ ወይን ላይ የተሳፈረ አንድ ገበሬ ዓይኑን ጣለበት።

«አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ራውተር ይባላል።»

«ምን ያደርጋል?»

«የተራራቀውን ያገናኛል።»

«እንደ ሽማግሌ በሉኛ!»

ጋሽ ማናዬ ይህን ከሰሙ በኋላ ቢቸና እስኪገቡ የሄዱት በሚኒባስ አልነበረም፣ በደመና ላይ ነበር። ካርቶኑ ከነጽሑፉ ከወንበሩ ሥር ቀረ።

ረቡዕ ገመዱን ከሞደሙ እስከ ጓዳው ደጃፍ ዘርግተው ሰኩት። የራውተሩ መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ፤ አንዱ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ። የደስታነሽ ስልክ ጓዳ ውስጥ የራውተሩን ስም ወለል አድርጎ ያሳያል፤ ከሥሩ ግን «ኢንተርኔት የለም» ይላል። ጋሽ ማናዬ ነቅለው ሰኩት። ገመዱን ገልብጠው ሰኩት። አንቴናዎቹን አንድ ጊዜ ወደ ሞጣ፣ አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ማርቆስ አዞሩ። ቀዩ መብራት ቀይ ነው።

«ካርቶኑ የታለ?» አለች ደስታነሽ።

«የምን ካርቶን?»

ደስታነሽ ደብተሮቿን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ማናዬ ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን አስጠሩ፤ አቶ አካለ ወልድንና የቀድሞውን የጭነት መኪና ሾፌር አቶ ወልደ ኪዳንን። ነገሩ የጠብ ነው። ጠብ ደግሞ ሥርዓት አለው።

«ለየብቻ ይቀመጡ» አሉ ጋሽ ማናዬ።

ራውተሩ ጓዳ ገባ፤ ሞደሙ ሳሎን ቀረ። ላፕቶፑን መጀመሪያ ለሞደሙ ሰኩት፤ ኢንተርኔቱ እንደ ምንጭ ውኃ ወረደ። ቀጥሎ ለራውተሩ ብቻ ሰኩት፤ የራውተሩ የራሱ ገጽ ያለምንም ችግር ተከፈተ።

«አያችሁ?» አሉ ጋሽ ማናዬ። «ለየብቻ ሲጠየቁ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። የሚዘጋጉት ሲገናኙ ነው። ይሄ የባልና ሚስት ጠባይ ነው።»

በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ እንደዚያን ዕለት ለእውነት ቀርበው አያውቁም ነበር። አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው። እርምጃውን ግን ወደ ጎን ተራመዱት።

«ንዴታቸው ይብረድ» አሉ። ሁለቱም ከሶኬት ተነቅለው እስከ ከሰዓት እንዲቆዩ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ሲሰኩ ቀዩ መብራት ቀይ ነው። ወልደ ኪዳን ከበስተኋላው ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ አዩና «ሞተሩ እንቢ ሲል ከሥር ነው የሚነካካው» ብለው የስፌት ወስፌ አስመጡ። በወስፌው ሲጫኑት መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ እንደገና በራ። ራውተሩ የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆነ። ቀዩ መብራትም እንደ ሕፃን ንጹሕ ቀይ ሆነ። አካለ ወልድ ጺማቸውን እያሻሹ፦

አራት ቀንድ አብቅሎ የመጣው ከሞጣ፣
መብራቱን አብርቶ ቃል ግን አላመጣ።

«አካለ፣ ቀልዱን ተወውና ሐሳብ አምጣ» አሉ ጋሽ ማናዬ።

«ሐሳቤማ ለልጅቷ ደውልላት ነው።»

ዓርብ ጠዋት ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ደስታነሽ የሥራ ጋውኗን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ካርቶኑ ላይ ጽፌልዎት ነበርኮ» አለች ሪሃብ።

«ካርቶኑን ለጊዜው ተይው። በቃል ንገሪን።»

«እሺ። ሞደሙ ቤቱ ውስጥ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር አለው። ራውተሩም አለው። የሁለቱ ቁጥር አንድ ሆኗል። ራውተር ማለት በሁለት ቀበሌ መካከል የቆመ በር ጠባቂ በሉት። ከውስጥ ያለውም ቀበሌ አንድ፣ ከውጭ ያለውም ቀበሌ አንድ ከተባለ፣ የመጣውን መልእክት ወዴት ያሳልፈው? ግራ ገብቶት ይቆማል። የአንዱ ቀበሌ መቀየር አለበት። የራውተሩን ይቀይሩት።»

«ለምን የራውተሩን?»

«ቀላሉ እሱ ነው። ሞደሙ ተስተካክሎ የተሰጣችሁ ነው፣ ባይነካ ይሻላል። ከቤት ያለው ባለበት ይቆይ፣ አዲስ የመጣው ይስማማለት።»

ጋሽ ማናዬ ሞደሙን አዩት፤ ትንሽ፣ አንቴና የሌለው፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። ራውተሩን አዩት፤ ባለ አራት አንቴና፣ ከሞጣ ድረስ በጭናቸው የመጣ።

«ባለ አራት አንቴናው ለዚህ ጎንበስ ይላል?» አሉ። «አይሆንም። ታናሹ ነው የሚቀይረው።»

«አባባ፣ ታናሽና ታላቅ የላቸውምኮ።»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ። የሞደሙ በምን ይከፈታል?»

ሪሃብ በረጅሙ ተነፈሰች። ቢሆንም ነገረቻቸው። የሞደሙን የይለፍ ቃል ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት አንብበው ገቡ። አራት ቁጥሮች በነጥብ ተለያይተው ተደርድረዋል። ጋሽ ማናዬ ጣታቸውን አሹና የመጨረሻውን ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ቀየሩት። «ምክትል አድርጌዋለሁ» አሉ። ክብሩ እንዳይነካም ሞደሙን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

ቀዩ መብራት ቀይ ነው።

«የመጨረሻውን ነው የቀየሩት?» አለች ሪሃብ። «እሱኮ የቤት ቁጥሩ ነው፣ አባባ! ቤት ቀየረ እንጂ ቀበሌው ያው ነው። ሦስተኛው ነው ቀበሌው። የራውተሩን ገጽ ይክፈቱና ሦስተኛውን ቁጥር ብቻ ይቀይሩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

 አካለ ወልድ ጋሽ ማናዬን አዩ። ወልደ ኪዳን ጋሽ ማናዬን አዩ። አሁን ነበር ሁለቱን ደቂቃ መስጠት። ግን ፍርድ ተሰጥቷል። ታናሹ ይቀይር ተብሏል። በሦስት ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ፍርድ፣ ከሞጣ በመጣ የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ በስልክ፣ ሊገለበጥ?

«ነገሩ ከባድ ነው» አሉ ጋሽ ማናዬ። «ቀጠሮ ያስፈልገዋል።»

«ቀጠሮ!» አለች ሪሃብ ከሞጣ። «ለራውተር?» ከጀርባዋ የሐጂ አብዱልዋሂድ ሳቅ ተሰማ።

«ቅዳሜ አራት ሰዓት እናየዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ዕቃው በሽማግሌ እጅ ይቆያል።» ራውተሩን አንሥተው በብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በእርቅ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጡ። ቆለፉበት። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጋሼ» አለች ደስታነሽ ከበሩ ላይ፣ በዝግታ። «ፈተናዬ ሦስት ሰዓት ነው።»

«አውቃለሁ። አራት ሰዓት ላይ ይለቀቃል። አንድ ሰዓት ብትዘገዪ ምን ይልሻል? ስትገቢ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

ደስታነሽ ባሏን አየቻቸው። ምጥ ላይ ያለች ሴት አልጋ ዳር ቆሞ ስለ ራስ ምታቱ የሚያወራ ባል ሲገጥማት የምታየው ዓይነት አስተያየት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ፦

«ሪሃብ፣ እህቴ፣ ሦስተኛው ቁጥር ነው ያልሽው?»

«ሦስተኛው። የራውተሩ።»

«ሰምቻለሁ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅዳሜ ጋሽ ማናዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለሦስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ግቢው ሞልቷል። አሥራ አራት ባለጉዳይ ቆሟል። አግዳሚው ከሳሎን ወጥቶ ከዶሮው ቤት አጠገብ ተዘርግቷል። አካለ ወልድና ወልደ ኪዳን በመስኮቱ ሥር ቆመው ይተያያሉ። የሳሎኑ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

«ደስታ!» አሉ ጋሽ ማናዬ። አንኳኩ። «ደስታነሽ!»

ድምፅዋ ከውስጥ ጥርት ብሎ መጣ። በር ተደግፎ የቆመው ሁሉ ሰማው።

«ማናዬ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ካሜራው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ እዚህ የሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናዬ ተሰረዘ። ከተሰረዘ ያሰረዘው ማን እንደሆነ ስምህን ከነአባትህ ጽፌ እልካለሁ። አንተ ሰውን ዝም ማሰኘት ታውቅ የለ? አሁን ዝም አሰኝ።»

በአሥራ አራት ባለጉዳይ ፊት «አንተ»! ጋሽ ማናዬ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት የከተማው ሰዓት ሁሉ ሦስት ሆነ። አፋቸውን ዘጉ።

እንግዲህ ዝምታ መጣ። ጋሽ ማናዬ ከጡረታ ወዲህ አይተውት የማያውቁት እንግዳ ነው። መጥቶ ከአሥራ ሰባቱም ሰው አጠገብ ተቀመጠ። ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። ባሕር ዛፉ ሲተነፍስ ይሰማል። ከሩቅ የወፍጮ ድምፅ እንደ ድሮ ፍቅር እየመጣ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ዜማ በዚህ ግቢ ዘወትር ነበረ፤ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ሥር ተቀብሮ። የአንዱ ባላገር አህያ ድንገት ስትጮህ ሁሉም ደንግጦ ወደ በሩ አየ። ወልደ ኪዳን በምልክት አህያ ሰው አለመሆኗን አስረዱ። ሁሉም ተነፈሰ።

ጋሽ ማናዬ በጣታቸው ከንፈራቸውን ይዘው ከአጥሩ እስከ አጥሩ ይመላለሳሉ። የሚያስነጥሰውን በነጠላ ይሸፍኑታል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ግንባራቸው በላብ ርሷል። አካለ ወልድ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው አንድ ነገር ጻፉና ለወልደ ኪዳን አቀበሉ፤

ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም በል ብትለው፣
የዋጠው ንግግር ሆድ ዕቃውን ነፋው።

ወልደ ኪዳን ሳቃቸውን ለማፈን የጋቢያቸውን ጫፍ ነከሱ።

ከባለጉዳዮቹ መካከል ይርጋነሽ የምትባል የጉልት ነጋዴና ባሏ ስጦታው ነበሩ። ስድስት ወር ሙሉ ሲመላለሱ፣ ይህ ሰባተኛ ቀጠሯቸው ነው። አግዳሚው ላይ ዳርና ዳር ተቀምጠዋል። አራት ሰዓት ገደማ ይርጋነሽ ለራስዋ እንደምትናገር፣ በሹክሹክታ እንዲህ አለች፤

«እኔ መፋታት ነው የምፈልገው።»

ሳሎኑ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ከጥርሷ ሳይወጣ «ቆይ ልጄ፣ ተረጋጊ» ይደርስበት ነበር። ዛሬ ግን የሚደርስበት አልነበረም። ሹክሹክታው በግቢው ላይ እንደ ላባ ተንሳፈፈና ከሁሉም ጆሮ ገባ።

«ምን አለች?» አሉ ወልደ ኪዳን በአካለ ወልድ ጆሮ።

«መፋታት ነው የምፈልገው አለች።»

«እስከ ዛሬስ ምን ስትል ነበር?»

አካለ ወልድ ትንሽ አሰቡ። «ለካ ይሄንኑ ነው።»

የጋሽ ማናዬ ደረት ተነሣ። «ይሄማ...» ሊሉ አየር ሳቡ። አካለ ወልድ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ዘለው የጋቢያቸውን ጫፍ በጋሽ ማናዬ አፍ ላይ ጫኑት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ቆሙ። ከሩቅ ያያቸው ሰው ለዓመታት የተለያዩ ወዳጆች የተገናኙ ይመስለው ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ የሚጠይቅ ግን የለም፤ መናገር ይፈቀድ አይፈቀድ አልታወቀም።

«እህስ?» አሉ ጋሽ ማናዬ፣ በሹክሹክታ።

ደስታነሽ በሳሎኑ ውስጥ፣ በባሏ ወንበር ላይ፣ ላፕቶፑን ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሰባ ዘጠኝ። አልፌያለሁ።»

መጀመሪያ እልል ያለችው ይርጋነሽ ናት። ሁለት ሰዓት የታመቀው ድምፅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። አጥሩ ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ በረሩ። ሰው አግዳሚውን ተሸክሞ እየተጋፋ ወደ ሳሎኑ ገባ። ጋሽ ማናዬም ገብተው እንደ ልማዳቸው ወደ ወንበራቸው አመሩ። ደስታነሽ ከወንበሩ አልተነሣችም። ትንሽ ቆሙ። ዞር ዞር ብለው ሲያዩ የቀረው ክፍት ቦታ አንድ ነው፣ ከስጦታው አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ። ተቀመጡ። አግዳሚው እንደሚቆረቁር ለመጀመሪያ ጊዜ አወቁ።

«ቁልፉን» አለች ደስታነሽ እጇን ዘርግታ።

ጋሽ ማናዬ ሽማግሌዎቹን አዩ። ወልደ ኪዳን ጣሪያውን ያያሉ። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ።

ደስታነሽ ራውተሩን ከእርቅ ወረቀቶቹ ላይ አንሥታ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘችው። ገጹን ከፈተች። አራቱን ቁጥሮች አየች፤ በጣቷ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቆጠረች። ሦስተኛውን ቀይራ አስቀመጠችው። ከዚያ ገመዱን ከሞደሙ ወደ ራውተሩ ሰካች። መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ እስኪበራ ቤቱ በሙሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ።

ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

«ታረቁ!» አሉ ወልደ ኪዳን።

«አልታረቁም» አለች ደስታነሽ። «ለየብቻ ቀበሌ ሰጠኋቸው።»

ይርጋነሽ ከአግዳሚው ላይ ቀና አለች። «ታዲያ እኔ ሰባት ቀጠሮ ሙሉ የምለምነው ይሄንኑ አይደለም?» አለች፤ አሁን በሹክሹክታ አልነበረም።

 አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ባሏ ዞሩ።

«ስጦታው፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ስጦታው ደነገጠ። በስድስት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«እኔማ» አለ አጠገቡ የተቀመጡትን ጋሽ ማናዬን በጎን እያየ፣ «እኔማ ከሦስተኛው ቀጠሮ ጀምሮ እሺ ብያት ነበር። ለሽማግሌ ለመናገር ተራ አጥቼ ነው።»

ጋሽ ማናዬ እጃቸውን አነሡ። የሚሉት ብዙ ነው፤ የታመቀው የሁለት ሰዓት ብቻ አይደለም። አፋቸውን ከፈቱ።

«ቆይ ማናዬ» አለች ደስታነሽ ከወንበሩ ላይ። «መጀመሪያ እሷ ትጨርስ።»